ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ያለው ባዶ መሬት

በ2081 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት የወረዳ ሠራተኞች የእትዬ ሃሴትን በር አንኳኩተው እዚያ ቦታ ላይ ቤት አለመኖሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ አስረከቧቸው። እትዬ ሃሴት መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ፀሐዩ ከረር ስላለ ሠራተኞቹን አስገብተው ውሃ ሰጧቸው። አንደኛው ሽንት ቤት ጠየቀ፤ አሳዩት። ከዚያ ማስታወቂያው እንደደረሳቸው በሦስት ኮፒ ፈረሙ፣ ሠራተኞቹም አመስግነው ሄዱ።

ወረቀቱ አጭር ነበር። «በወንዝ ማዶ ክፍለ ከተማ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ የሚገኘው ቁጥር 408 ይዞታ ስክሪን ላይ የማይታይ በመሆኑ ባዶ መሬት መሆኑ ተረጋግጧል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ቀርቦ ይዞታውን ያሳየ ባለጉዳይ ከሌለ ቦታው በማሽን ይጠረጋል።»

እኔ ኢዮስያስ እባላለሁ፤ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነኝ። ቤቴ ከእትዬ ሃሴት ቤት በአራት አጥር ይርቃል። ይህን የምጽፈው የእድሩ ቃለ ጉባኤ መዝገብ ለእንዲህ ያለ ነገር ዓምድ ስለሌለው ነው።

እትዬ ሃሴት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው። ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ካሉት ልጆች ግማሹ ወደዚህ ዓለም የመጡት በእሳቸው እጅ ነው። እሳቸው ግን አልወለዱም፤ ባላቸውንም ከፈቱ ቆይተዋል። ያላቸው ያ ቤት ብቻ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት፣ በር ላይ አንድ የኮክ ዛፍ። ብሎኬት በብሎኬት፣ በአሥራ አንድ ዓመት ነው የሠሩት። ማስታወቂያውን ይዘው እኔ ጋ ሲመጡ አላለቀሱም።

«ኢዮስያስ» አሉኝ፣ «ከዚህ ቤት ወጥቼ የምሄድበት የለኝም። እኅቴ በሕይወት ብትኖር እሷ ጋ እሄድ ነበር፤ እሷም የለች። ነገ ቢሮ አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

መልሴን አልጠበቁም። ልብስ ሊያጥቡ ሄዱ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባ ይሆናል። የዛሬ አርባ ዓመት የክፍለ ከተማው የይዞታ ማሳያ ጽሕፈት ቤት የሰፈሮቹን ካርታ በኮምፒውተር ለማሠራት ጨረታ ሲያወጣ ያሸነፈው የቪዲዮ ጌም የሚሠራ ድርጅት ነበር። ድርጅቱ የሚያውቀውን ሠራ፤ ካርታውን ጌም አድርጎ አስረከበ። ባለጉዳዩ ጆይስቲክ ይዞ ከአደባባዩ ይነሳል፣ መንገዱን ተከትሎ ይሄዳል፣ በሩ ጋ ሲደርስ ክቧን ቁልፍ ይጫናል፤ ያኔ ቤቱ የእሱ መሆኑ ይመዘገብለታል። በየዓመቱም እንዲሁ እየሄደ ያሳድሳል። ጌሙን የሚያጫውተው ኮንሶል መሠራት ካቆመ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ የጽሕፈት ቤቱንም የመጨረሻ ኮንሶል አይጥ በላችው። ስለዚህ አሁን ጌሙ የሚሄደው ያንን አሮጌ ማሽን በሚያስመስል ኢምዩሌተር ላይ ነው። ማስመሰሉ አልከበደም፤ ጽሕፈት ቤቱ በማስመሰል የቆየ ልምድ አለው።

በዚህ አሠራር የተጠቀምነው እኛ ሽማግሌዎቹ ነን። ልጅነታችንን በየጌም ቤቱ አግዳሚ ላይ ያሳለፍን ነንና ጆይስቲክ አይከብደንም። የዛሬ ወጣቶች በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አያውቁም። በፊት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይቀመጡበት በነበረው የጽሕፈት ቤቱ አጥር ሥር ዛሬ ጃንጥላ የዘረጉ ጡረተኞች ተደርድረዋል፤ አውራ ጣታቸውን አፍታተው ለሌላው ይነዳሉ። እትዬ ሃሴት ግን የሰው ጣት አይፈልጉም። ወንድሞቻቸውን ሁሉ እያሸነፉ ነው ያደጉት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ መስኮት ስድስት ካለው ስክሪን ፊት ተቀመጡ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ፊት አልባ ሰውዬ ከአደባባዩ ተነሳ፤ ለሁሉም ባለጉዳይ ያው አንድ ሰውዬ ነው። ድልድዩን ተሻገረ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፈ፣ የእኔን ቤት አለፈ። ቤቴን በደህና ስላየሁት ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከእትዬ ሃሴት በር ሊደርስ አርባ እርምጃ ያህል ሲቀረው ስክሪኑ ሐምራዊ ሆነ፣ ጥቁር ጥቁር አራት ማዕዘኖች ረጨ፣ ደረቀ። ጽሑፍ መጣ፦ «የግራፊክስ ድራይቨሩ ምላሽ መስጠት አቁሞ ነበር፤ አሁን ተመልሷል።» ሰውዬውም ተመልሶ አደባባዩ ላይ ቆሟል።

«አጥፍተው ያብሩት» አለች የመስኮት አንድ ሠራተኛ።

«የእናንተ ማሽን አይደለም እንዴ? እኔ ነኝ የማጠፋው?»

«ባለጉዳይ ነው የሚያጠፋው። እኛ ካጠፋነው ሥራ ማቆም ይባልብናል።»

ሰባት ጊዜ አጠፉት፣ ሰባት ጊዜ አበሩት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሰውዬው ሰባቱንም ጊዜ እዚያችው አርባ እርምጃ ላይ ቀረ።

መስኮት ሁለት ድራይቨር፣ ማለትም ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ማደሻ ነው። «ድራይቨሩ አርጅቷል፤ ይታደስ» ተብሎ ደብዳቤ ተጻፈልን። ለማደስ አምስት ቀን ፈጀ። ታድሶ ስንመለስ ሰውዬው እዚያው ቦታ ደረቀ። መስኮት ሦስት ደግሞ ድራይቨር ወደ ቀድሞው መመለሻ ነው። ሠራተኛው ደብዳቤያችንን አይቶ ራሱን ያዘ።

«ማነው አሳድሱ ያላችሁ? እኮ አዲሱ ነው የሚያበላሸው!»

«ከፊት ለፊትዎ ያለችው» አልኩት።

ቀና ብሎም አላያትም። የመስኮት ሁለቷና የመስኮት ሦስቱ ባልና ሚስት ናቸው ይባላል፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው አሥራ አምስት ዓመት እሷ ታድሳለች፣ እሱ ይመልሳል። ድራይቨሩን መለሰው፤ ሌላ አምስት ቀን ሄደ። እትዬ ሃሴት ሰውዬውን ይዘው ተነሱ፤ አርባ እርምጃ ሲቀር ደረቀ። የመስኮት ሦስቱ ወደ መስኮት አራት መራን። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው።

መስኮት አራት ማኅደር ማጽጃ ነው። ኢምዩሌተሩ ቀድሞ የሳላቸውን ምስሎች አንድ ቦታ ያጠራቅማል፤ የተጠራቀመው ሲበዛ ያደናቅፋል አሉን። ማኅደሩ ጸዳ። እትዬ ሃሴት ጆይስቲኩን ያዙ። ሰውዬው ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ በእኔ በር ላይ ደረቀ። የቤቴ በር ግማሹ ተስሏል፤ ሌላው ግማሽ ሐምራዊ ነው።

«በደንብ አልጸዳም ማለት ነው» አለች የመስኮት አራቷ፣ ደግማም አጸዳችው።

አሁን ሰውዬው ከወፍጮ ቤቱ አልፎ መሄድ አቃተው። ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ አርባ አንድ ቤት አለ። በሦስተኛው ቀን ወረዳው አርባውን ቀሪ በር እያንኳኳ ማስታወቂያ አደለ። ለእኔም ደረሰኝ፤ ለእኛ ሠላሳው ቀን ገና መቁጠር መጀመሩ ነበር። እድሩ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። እንደ ወጉ ሦስት የዕድሜ ባለጸጎች መርጠን «ቤቶቹ መኖራቸውን በዓይናችን አይተን እንመሰክራለን» የሚል ቃል አስፈርመን ላክን። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው መልስ ትሕትና የተሞላ ነበር። ምስክር የሚያስፈልገው ለተደበቀ ነገር ነው፤ ቤት ስክሪን ላይ ወይ ይታያል ወይ አይታይም፤ ይላል።

ዘውድነሽን ያገኘናት ያኔ ነው። ዘውድነሽ የጽሕፈት ቤቱ ብቸኛ ቴክኒሽያን ናት፤ አርባ ምናምን ዓመት ይሆናታል። የምትሠራው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ እንዳለች የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። እትዬ ሃሴት ደረጃውን ወርደው ወረቀቱን ሲያሳዩአት ቁጭ አደረገቻቸው፣ አንድ ቀን ሙሉ የኢምዩሌተሩን መዝገብ ስታገላብጥ ዋለች።

«ድራይቨሩ ምንም አልሆነም» አለችን ማታ ስንመለስ። «የታመመው ሌላ ነው። እትዬ፣ በቅርብ ጊዜ ቤትዎ ላይ የለወጡት ነገር አለ?»

«ምንም። በሩን አረንጓዴ ቀባሁት እንጂ። ለፋሲካ።»

ዘውድነሽ ራሷን ነቀነቀች። ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳችን። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው የስክሪን ምስል አስመስሎ በመሥራት የሰው ቤት ወሰደ። ከዚያ ወዲህ መመሪያ ወጣ፤ ማኅተም የሌለው ምስል ምስል አይደለም። ስለዚህ ኢምዩሌተሩ አንድ ምስል በሳለ ቁጥር ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ይልካል፤ ኃላፊው አይቶ ያትማል፤ ምስሉ ይወጣል። ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ በሰከንድ ስልሳ ምስል ነው። ኃላፊው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካላተመ ድራይቨሩ ተስፋ ይቆርጣል። ቀድሞ የታተሙት ምስሎች ማኅደሩ ውስጥ ስለነበሩ እስከ እትዬ ሃሴት በር ድረስ ያስኬዱ ነበር። በሩ ሲቀባ ግን በሚያዝያው የምስል እድሳት የእሳቸው ቤት አካባቢ አዲስ ምስል መጣ፤ እሱም ማኅተም የለውም።

«ማኅደሩን ባጸዳችሁ ቁጥር የታተሙትን ነው የጣላችሁት» አለች። «እባካችሁ ካሁን በኋላ ምንም አታጽዱ።»

«ቡናማውን እንዳለ ነበር መተው» አሉ እትዬ ሃሴት።

ኃላፊው አቶ አጥናፉ ይባላሉ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ይህን የምለው ለማላገጥ አይደለም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለውን ተረት ሰምተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ከአንድ ብርጭቆ ውሃና ከክቡ ማኅተም በቀር ምንም የለም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ «ሁሉንም አጽድቅ» ብለው ጣታቸውን አንዴ ማሽኑን አስነክተው፣ አሥራ ሦስት ዓመት ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። በእሳቸው ዘመን ሰፈሩ ሁሉ ያለ እንከን ይታይ ነበር። አቶ አጥናፉ በገቡ ቀን መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ያንን ፈቃድ መሰረዝ ነው።

«ሳላይ አልፈርምም» አሉን።

«ይዩዋ!» አሉ እትዬ ሃሴት።

«ስንት ነው?»

«ከአደባባዩ እስከ እትዬ በር ዘጠኝ ደቂቃ ነው» አለች ዘውድነሽ። «ሠላሳ ሁለት ሺህ አራት መቶ ምስል።»

አቶ አጥናፉ አልደነገጡም። ማስታወሻ ያዙ። «በቀን አርባ ማየት እችላለሁ» አሉ፣ «ስብሰባ በሌለበት ቀን።»

በልቤ አሰላሁት፤ ሦስት ዓመት ያልፋል። እትዬ ሃሴት የቀራቸው ሦስት ቀን ነበር።

«እንግዲያው የሚጠርገው ማሽን እንዳይመጣ ያድርጉልን» አልኩ።

«ማሽኑን የሚያዙት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ናቸው። እኔ የጠረጋውን ትእዛዝ የማሰርዘው ይዞታው ስክሪን ላይ ታይቶ ማስረጃ ስሰጥ ነው። የማይታይ ይዞታ ትእዛዝ ይሰረዝ ብዬ ብጽፍ ምክንያቱን ምን እላለሁ?»

እትዬ ሃሴት ተነሱ። «እንግዲያው ቤቴን መጥተው ይዩት» አሉ።

መጡ። በምሳ ሰዓታቸው፣ በእግራቸው። ከአረንጓዴው በር ፊት ቆመው ተመለከቱ፣ ገቡ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። እትዬ ሃሴት ከዛፉ ኮክ ለቅመው አቀረቡላቸው፤ አንድ በሉ።

«አዩት?»

«አየሁት። ጥሩ ቤት ነው።»

«እንግዲያው ይፈርሙልኝ።»

አቶ አጥናፉ የእውነት አዘኑ። ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። «እናቴ፣ እኔ ያየሁት ቤቱን ነው እኮ» አሉ። «ምስሉን አላየሁትም።»

የዚያን ዕለት እትዬ ሃሴት አለቀሱ። የእኔን ቤት በር ደገፍ ብለው፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይሉ። እኔም አብሬያቸው ቆምኩ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ማለዳ ዶዘሩ መጣ። ሹፌር የለውም፤ መንገዱን የሚያገኘው ከጽሕፈት ቤቱ ካርታ ነው። ድልድዩን እያንቀጠቀጠ ተሻገረ። እኛ ከአርባ አንዱም ቤት ወጥተን በእትዬ ሃሴት በር ላይ ተደርድረናል፤ ምን እንደምናደርግ የሚያውቅ አልነበረም። ዶዘሩ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ተንገጫግጮ ቆመ። ግንባሩ ላይ ያለችው ትንሽ ስክሪን ሐምራዊ ሆነች።

«እሱንም ድራይቨሩ ከዳው!» ብለው ጮኹ እትዬ ሃሴት፣ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አልን። ካርታው ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ምንም ካላሳየው ወዴት ይሄዳል? ዶዘሩ አምስት ቀን እዚያው ቆመ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ። ባለ ወፍጮው በጩኸቱ ቢማረርም ሌላው ለመደው። የብረቱ ሙቀት ጥሩ ነው ተብሎ ሴቶቹ በርበሬ አሰጡበት። እድሩም በዶዘሩ ጥላ ሥር አንድ ስብሰባ አካሄደ። በሰፈራችን እንደዚያ ሳምንት የተሳቀበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በስድስተኛው ቀን ዘውድነሽ ስልክ ደወለች። «ቶሎ ኑ፤ አገኘሁት» አለች።

ስንደርስ አቶ አጥናፉ ፊት መመሪያውን ዘርግታ ቆማለች። «መመሪያው የሚለው ‹ማኅተሙ ምስሉ ላይ ያርፋል› ነው» ትላለች። «በየምስሉ አይልም። ማኅተሙን የስክሪኑ መስታወት ላይ ብናሳርፈውስ? በመስታወቱ ሥር የሚያልፍ ምስል ሁሉ ማኅተም አረፈበት ማለት አይደለም?»

አቶ አጥናፉ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ውሃቸውን ጠጡ። «ማኅተሙ ከላይ ነው ከታች የሚል የለም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ተነስተው ወደ መስኮት ስድስት ሄዱ፣ መሐረባቸውን አውጥተው መስታወቱን ወለወሉት፣ ጎንበስ ብለው ከዳር እስከ ዳር መረመሩት።

«አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው» አሉ፣ ክቡን ማኅተም መስታወቱ ላይ ጠበቅ አድርገው ተጫኑ፣ በላዩም ፈረሙበት።

ሰልፍ ላይ የነበረው ሰው አጨበጨበ። ዘውድነሽ እየሮጠች ወደ ምድር ቤት ወርዳ ኢምዩሌተሩ ከእንግዲህ የማንንም ፈቃድ እንዳይጠብቅ አደረገችው። እትዬ ሃሴት ጆይስቲኩን ያዙ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ሰውዬው ከአደባባዩ ተነሳ። እንዲህ ለስልሶ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። በማኅተሙ ሐምራዊ ክብ ሥር እየገባ እየወጣ ድልድዩን ተሻገረ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረሰ፤ አለፈ። የእኔ በር ሙሉ ሆኖ መጣ። የኮኩ ዛፍ መጣ። ከዚያ አረንጓዴው በር፣ ልክ እንደተቀባበት ቀን እያብረቀረቀ፣ ብቅ አለ። እትዬ ሃሴት ክቧን ቁልፍ ተጫኑ።

«ይዞታ 408፦ ቤት አለ።»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። እኔ ዘውድነሽን ግንባሯን ሳምኳት። አቶ አጥናፉ ማስረጃውን አሳተሙ፣ ሦስት ጊዜ አነበቡት፣ አንድ ቦታ ነጥብ ጎድሎት እንደገና አሳተሙት፣ ደግመው አነበቡት፣ ፈረሙ። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ማንም አልቸኮለም፤ የምን መቸኮል? እትዬ ሃሴት ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት፣ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት።

በእግራችን ተመለስን። እሳቸው በመንገዱ ሁሉ ስለ ድግስ ያወራሉ፤ አርባ አንዱንም ቤት ሊጠሩ ነው። ድልድዩን ስንሻገር የሞተሩ ድምፅ እንደሌለ ልብ አላልኩም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ዶዘሩ የለም። ቆሞበት የነበረው ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል። በርበሬው መሬት ላይ ተበትኗል፤ መንገዱን ተከትሎ ወደ ሰፈራችን ቀይ መስመር ሆኖ ይሄዳል።

ወረቀቱን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ሮጡ። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ አልደርስባቸው አልኩ።

ቤቱ አልነበረም። የብሎኬት ክምር፣ የተጣመመ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የተነቀለ ኮክ። ባለ ወፍጮው አገኘን። «ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳ» አለ። «የማንንም አጥር አልነካ፣ ሰው ሲቆምበት ዞር ብሎ እያለፈ፣ ቀጥ ብሎ 408 ሄደ። ሲጨርስ ትእዛዙ ተሰርዟል የሚል ጽሑፍ አወጣና ወደኋላው ተመለሰ።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ካርታው አንድ ነው። ለእትዬ ሃሴት የታየ መንገድ ለዶዘሩም ይታያል። ከበርበሬ አስጪዎቹ ጀምሮ እስከ ዘውድነሽ፣ ከአቶ አጥናፉ እስከ እኔ፣ ሁላችንም ዶዘሩ ለምን እንደቆመ እናውቅ ነበር። ስህተቱ ሲታረም እንደሚንቀሳቀስ ግን አንዳችንም አላሰብንም። እኔ ጸሐፊው፣ በጥላው ሥር ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት፣ አላሰብኩም። የእኔ ቤት ዛሬ ቆሟል፤ አርባው ቤት ሁሉ ቆሟል፤ ሁሉም ስክሪን ላይ ከነአጥሩ ይታያል። በሬን ስከፍት አፍራለሁ።

እትዬ ሃሴት ምትክ ቦታ እንዲሰጣቸው አመለከቱ። መልሱን አቶ አጥናፉ በእጅ ጽሑፋቸው ነው የጻፉት፤ ከልባቸው እንዳዘኑ ይገልጻል። ቤት ላለው ሰው ምትክ አይሰጥም፤ ቤትዎ መኖሩን ስክሪኑ ያሳያል፤ እኔም ምስሉን በዓይኔ አይቼ ፈርሜበታለሁ፤ ምስሉ በሚቀጥለው ሚያዝያ ሲታደስ ጉዳይዎ እንደገና ሊታይ ይችላል፤ ይላል። ሚያዝያ ገና አሥር ወር ቀርቶት ነበር።

እኔ ቤት፣ የጓሮ በር ያለው ክፍል ውስጥ ገቡ። ባለቤቴ ደስ ብሏት ተቀበለቻቸው። ለአንድ ወር ያህል ምሳቸውን በልተው፣ ጓሮ ወጥተው፣ ወደ 408 አቅጣጫ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። አንድ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው ብቅ አሉ።

«ኢዮስያስ፣ ቢሮ አድርሰኝ።»

ሊከራከሩ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ። መንገድ ላይ የማውቀውን የሕግ አንቀጽ ሁሉ ነገርኳቸው። ጽሕፈት ቤቱ ስንደርስ ግን ወደ አቶ አጥናፉ አልሄዱም። መስኮት ስድስት ሰልፍ ያዙ፤ ተራቸው ሲደርስ ተቀምጠው ጆይስቲኩን አነሱ።

በዚህ ጊዜ ሰውዬውን በዝግታ ነው የነዱት። ድልድዩ ላይ ቆም አደረጉት። ወፍጮ ቤቱን ቀስ ብሎ አለፈ። የኮኩ ዛፍ ሥር ትንሽ አቆሙት። አረንጓዴው በር ጋ ሲደርስ ክቧን ቁልፍ አልነኩም፤ ከጎኗ ያለችውን፣ ማንም ባለጉዳይ የማይነካትን፣ የመክፈቻዋን ቁልፍ ተጫኑ። በሩ ተከፈተ። ከበሩ ወዲያ ጥቁር ነው።

ጠበቁ። ምንም አልመጣም። ያ ስህተት ተመልሶ ነው ብዬ ሮጬ ዘውድነሽን ከምድር ቤት ጠራኋት። መጥታ ጎንበስ ብላ አየች፣ አንድ ሁለት ነገር ነካካች፣ ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«ስህተት የለውም፣ እትዬ» አለች። «ድርጅቱ ቤቶቹን የሠራቸው ከውጭ ብቻ ነው። የማንም ቤት ውስጡ አልተሠራም።»

እትዬ ሃሴት ጨለማውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ረጅም ነበር፤ ቶሎ በሉ ያለ ሰው ግን የለም። ጆይስቲኩን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እንግዲያው ዝጊው፣ ልጄ» አሉ። «ንፋስ ይገባል።»